ጋሼ የሮጡለት ካሜራ

እኔ ኳስ መጫወት አልችልም። ይሄን ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ። ትንሿ እህቴ በረኛ ናት። ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ኳስ ወደ ፊቷ ሲመጣ ግን ዓይኗን እንኳን አትጨፍንም። እኔ ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ሰፈራችን ቂርቆስ ውስጥ የሴት ልጆች ቡድን ሲቋቋም እኔም ተመዝግቤ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆየሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አሠልጣኛችን፣ ሁላችንም ኮች ነው የምንላት፣ ትከሻዬን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና በጣም በለሰለሰ ድምፅ ሌላ ነገር እንድሞክር መከረችኝ። ያን ቀን ዝም ብዬ ወደ ቤት ላለመሄድ ብዬ ስልኬን አውጥቼ ልጆቹን ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ኮች ፎቶዎቹን አየቻቸውና ወላጆች ያሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈቻቸው። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የቡድኑ ፎቶግራፈር ሆንኩ።

ኮች ቢጫ ሰደርያ ሰጠችኝ። ሜዳው ዳር ከመስመሩ አጠገብ መቆም የሚችለው ያንን የለበሰ ብቻ ነው፤ ወላጅ እንኳን ከአጥሩ ወዲያ ነው የሚቆመው። ሰደርያው በጣም ሰፊ ነው፣ ጉልበቴ ድረስ ይደርሳል፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እሱን ለብሼ ከእህቴ ጋር ከቤት ስወጣ ግን የሆነ ቡድን አባል ነኝ። ማለቴ፣ ሌሎቹ ማሊያ አላቸው፣ እኔም ሰደርያ አለኝ።

ችግሩ የመጣው ውድድሩ ሲጀመር ነው። ልምምድ ላይ ልጆቹ አጠገቤ ስለሚሆኑ ስልክ ይበቃ ነበር። ውድድር ላይ ግን ሜዳው ትልቅ ነው፣ ልጆቹ በስልኬ ውስጥ የጤፍ ፍሬ ያክላሉ። ስለዚህ አክስቴ ለሰርጓ ጊዜ የተገዛላትን ትንሽ ብርማ ካሜራ አዋሰችኝ። አሪፍ ትመስላለች። ግን ቁልፏን ስጫን መጀመሪያ ታስባለች፣ ከዚያ ነው የምታነሳው። አስባ ስትጨርስ ኳሱም ልጅቷም የሉም። ከሦስት ጨዋታ በኋላ የነበሩኝ ፎቶዎች እነዚህ ናቸው፤ የሚወዛወዝ መረብ፣ ግማሽ ጫማ፣ ባዶ ሣር፣ ደግሞ ብዙ፣ በጣም ብዙ ጉም። ግሩፑ ላይ አንድ አባት በትሕትና “ይቅርታ፣ ልጄ የትኛዋ ናት?” ብሎ ጻፈ። አንዲት እናት “ሁሉም ልጆቻችን ናቸው” ብላ መለሰችለት። ቡድኑ ውስጥ ስሜ ጉም አንሺዋ ሆነ።

የባሰው ግማሽ ፍጻሜው ላይ ሆነ። እህቴ ፔናሊቲ አዳነች፣ አባዬ እስከ ዛሬ ሪጎሬ የሚለውን ማለት ነው። ሜዳው በሙሉ ጮኸ። እኔም በትክክለኛው ሰዓት ተጭኜ ነበር፣ እምላለሁ። ቤት ስንደርስ ፎቶውን ከፈትኩላት። አረንጓዴ ደመና ውስጥ ሁለት ጓንት አለ። እህቴ በሁለት ጣቷ አጎላችው፣ ከዚያ ደግሞ አጎላችው።

“ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ጎመን?” አለችኝ።

ሳቅን። ከዚያ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች፣ እኔም የሳቀችው ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ።

ረቡዕ ዕለት ኮች ጠራችኝ። የአንዷ ተጫዋች አባት የሚያውቀው፣ ሰርግ የሚያነሳ ፎቶግራፈር አለ አለችኝ፤ ለእሑዱ ፍጻሜ በነፃ ሊያነሳልን ፈቃደኛ ነው። እኔ ደግሞ ለልጆቹ ውሃ ብይዝ ምን ይመስለኛል? በክፋት አልነበረም ያለችው፣ እንዲያውም ፊቷ አዝኖ ነበር። ደህና ካሜራ አመጣለሁ፣ እስከ እሑድ ብቻ ታገሺኝ ብዬ ለመንኳት። ትንሽ አሰበችና እንዲህ አለች፦

“የመጀመሪያውን አጋማሽ አንሺ። ሰውየውም ይመጣል፣ በእረፍት ሰዓት ያነሳሽውን አያለሁ። ካልሆነ ሰደርያውን አውልቀሽ ለእሱ ትሰጪዋለሽ። ተስማማን?”

ተስማማን። ምን ምርጫ አለኝ?

አባዬ ለገሃር አካባቢ መጋረጃ ነጋዴ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን ጥሩ ውጤት ካመጣሽ ካሜራ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ውጤቱ መጣ፣ ካሜራው ግን ሁለት ዓመት ዘገየ፤ እኔም አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልረሳውም። ረቡዕ ማታ እራት ላይ ሁሉን ነገር ስነግረው መጀመሪያ ያየው እማዬን ነው። እማዬ ሳህን እያነሳች እሺ አለች፣ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፤ ተሳስተሽ ብትመርጪ ሁለተኛ የለም፣ እሱኑ ይዘሽ ታረጂያለሽ አለች። አዲስ ካሜራ የማይታሰብ ስለሆነ የምንፈልገው ታድሶ የመጣ ነው። ሰው ሲሠራበት ቆይቶ፣ ያለቀው ክፍሉ ተቀይሮ፣ ተጠራርጎ እንደገና የሚሸጥ ማለት ነው። ያውም ቦዲውን ብቻ፣ ሌንስ የሌለውን ቀፎ። ሌንስ አግኝተን ነበር። እሱን ያዋሱን ደግሞ ጋሼ ናቸው።

ጋሼ ካዛንቺስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት ነበራቸው። የእኔ የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ የአባዬ ፓስፖርት፣ የአባዬና የእማዬ የኒካ ቀን ፎቶ፣ ሁሉም የእሳቸው ሥራ ነው። ሰፈሩ ሲነሳ ፎቶ ቤቱም ተነሳ፣ አሁን ቤታቸው ነው የሚውሉት። የእሳቸው ደንበኛ የነበረ ሰው ሁሉ ሦስቱን ትእዛዝ በቃሉ ያውቃቸዋል፤ አገጭ ዝቅ፣ ትንፋሽ ያዝ፣ አትንቀሳቀስ። ልጅ ሆኜ መጀመሪያ ሲያነሱኝ ትንፋሼን ከመጠን በላይ ይዤ ልወድቅ ነበር ይላል አባዬ። ሌንሱን የገዙት ለምርቃት ቀን ነው፣ ተመራቂውን ከሩቅ ለማንሳት። ረጅም ነው፣ እንደ ቴርሞስ።

አባዬ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ሳይዝ ዕቃ አይገዛም። ፍሪጅ ስንገዛ የፍሪጅ ጠጋኝ ይዞ ሄደ። አልጋ ስንገዛ አናጢ። ይዞት የሄደው ሰው ይሄ ይሁን ካለ አለቀ፣ ያ ነው የሚገዛው። ሌላ መግዛት ሰውየውን በሻጭ ፊት አታውቅም እንደማለት ነው፣ እንደዚያ ዓይነት ነገር በእኛ ቤት ተደርጎ አያውቅም። ለካሜራው ጋሼን ይዞ እንደሚሄድ ሲነግረኝ በጣም ደስ አለኝ። ከእሳቸው የበለጠ ማን ያውቃል?

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሐሙስ ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ዩቲዩብ ላይ ስለ ስፖርት ፎቶ ያገኘሁትን ሁሉ አየሁ። የፊዚክስ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሻጩን የምጠይቀውን ጻፍኩ። ከሁሉም በላይ ያሰመርኩባቸው ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ካሜራው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ፎቶ ያነሳል? ሁለተኛው፣ ፎከሱ የሚሮጥ ሰው ተከትሎ ይሄዳል ወይስ ደንግጦ ይቀራል?

ዓርብ አባዬ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሱቁን ለጎረቤቱ ትቶ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከትምህርት ቤት በር ወሰደኝ። ጋሼ ካዛንቺስ፣ የካሜራ ሱቁ ያለበት ሕንፃ ሥር ቆመው ጠበቁን። ኮት ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ ሌንሱን በፎጣ ጠቅልለው በዘንቢል ይዘዋል። እኔ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ነኝ። ሱቁ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ፊቷ በሙሉ መስታወት የሆነ ጠባብ ክፍል። ሻጩ አንገቱ ላይ ሄድፎን ያጠለቀ ወጣት ነው፤ አባዬን ፋዘር፣ ጋሼን አባት፣ እኔን የኔ እህት እያለ በጣም በፍጥነት ነው የሚያወራው። በሌንሱ ላይ የሚገጠሙ ሁለት ቦዲዎች አሉኝ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

አንደኛው ቆንጆ ነው። ገና ከካርቶኑ የወጣ ይመስላል፣ ስክሪኑ እንደ በር ተከፍቶ ይዞራል፣ ምንም ጭረት የለውም። ሁለተኛው ወፍራም፣ ከባድ፣ ጥቁር ሆኖ ጠርዝ ጠርዙ ነጣ ያለ። እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ ያለው ጎማ እንደገና እንደተለጠፈ ያስታውቃል። ሻጩ አልደበቀም። ድሮ የዜና ሰው ነበር የሚሠራበት፣ ብዙ ነው ያነሳው፣ ውስጡ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ አልቆ በአዲስ ተቀይሯል አለን። ካሜራ ውስጥ መጋረጃ አለ ሲባል አባዬ በጣም ደስ አለው። ወዲያው ጎማውን ልክ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እንደሚፈትሸው በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ይሄ ሙጫ ነው አለ።

ጋሼ ሌንሳቸውን ከፎጣው ፈትተው ቆንጆው ላይ ገጠሙት። አባዬን ነጩ ግድግዳ ሥር አቆሙት።

“አገጭህን ዝቅ። ትንፋሽህን ያዝ። አትንቀሳቀስ።”

አባዬ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ትንፋሹን ያዘ። ሻጩም ሳያስበው ያዘ መሰለኝ። ፎቶውን አጉልተን ስናየው የአባዬ ጢም አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ሽበቱ ከጥቁሩ ተለይቶ። ከዚያ በሁለተኛው አነሱት። እሱም ደህና ነው፣ ግን የመጀመሪያውን ያህል አይጎላም። ጋሼ ሁለቱን ስክሪኖች ጎን ለጎን ይዘው ብዙ አዩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ደግሞ አዩ፣ ከዚያ ጣታቸውን ቆንጆው ላይ አደረጉ። ይሄኛው ነው አሉ።

አባዬ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሻጩ ካርቶን ለማምጣት ጎንበስ አለ።

እኔ ግን ደብተሬን ይዤ ቆሜ ነበር። ዕቃዎቹን ሲያወጣ ሁለቱን ጥያቄዎች ቀስ ብዬ ጠይቄው መልሱን ጽፌ ነበር። ቆንጆው በሰከንድ ሦስት ያነሳል፣ ወፍራሙ ከዘጠኝ በላይ። ቆንጆው የቆመ ሰው ካሜራ ነው፤ አድጋ የተመለሰች የአክስቴ ካሜራ በሉት። እሱን ይዤ ብሄድ እሑድ በእረፍት ሰዓት ሰደርያዬን አወልቃለሁ። ብናገር ደግሞ ጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ሰው ሁሉ ጋሼ ሲላቸው የኖሩት፣ ሄድፎን ባጠለቀ ልጅ ፊት በአሥረኛ ክፍል ተማሪ ይታረማሉ። አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም።

“ጋሼ፣ እኔ የማነሳው የሚሮጥ ሰው ነው” አልኩ።

ጋሼ ፈገግ አሉ። “የሚሮጥ ሰው ይቆማል፣ የኔ ልጅ። ቁሚ በያት።”

አባዬ ሳቀ። ሻጩም ሳቀ። ጋሼ ግን እየቀለዱ አልነበረም፣ ከልባቸው ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው እንደዚያ እያሉት ቆሟል። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ፣ እስከ ዛሬ ሳስበው ራሴን አደንቃለሁ። አልተሳሳቱም፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ በሚል ድምፅ፣ ሁለቱንም ውጭ አውጥተን እንሞክራቸውና እርስዎ ይፍረዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ጋሼ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ደስ ካለሽ አሉ።

ሻጩን ግን ደስ አላለውም። ሁለት ካሜራ ከሱቅ አይወጣም አለ። አባዬ መታወቂያውን ሰጠው፣ አይበቃም አለ። መንጃ ፈቃዱን ጨመረበት፣ እሱም አይበቃም። መጨረሻ ላይ አባዬ የፕላስቲኩን በርጩማ ጎትቶ ተቀመጠና እነሱ እስኪመለሱ መያዣው እኔ ነኝ አለ። ሻጩ አየው፣ አሰበበት፣ እሺ አለ። እንደዚህ ሆነና አባዬን በመያዣነት ትተን ወረድን።

ውጭ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፣ ከጎኑ የብስክሌት መንገድ አለ፣ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች በብስክሌትና በስኬቲንግ ጫማ ይበራሉ። ይሄ ነው የምፈልገው ብዬ ቆንጆውን ካሜራ ወደ ዓይኔ አነሳሁ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ቆመ። ብስክሌት ላይ የነበሩት ፍሬን ያዙ፣ ሁለት ጣት አወጡ። አንዲት በስኬቲንግ ጫማ ያለፈችኝ ልጅ ተመልሳ መጥታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። አትቁሙ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ አልኳቸው። ይባስ ብለው ቀጥ አሉ። ቦርሳ ይዞ የሚያልፍ አንድ ሰው እንኳን ማንም ሳይጠይቀው የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ትንሽ ጠብቄ፣ የማላነሳ መስዬ እንደገና ሞከርኩ። እንደገና ቆሙ። ለካስ በዚህ ከተማ ካሜራ አይቶ የማይቆም ሰው የለም። ፀሐይዋ ወደ ሕንፃዎቹ ጀርባ እየሄደች ነው፣ አባዬ ፎቅ ላይ መያዣ ሆኗል፣ እንባዬ እየመጣ ነው።

ጋሼ ይስቃሉ። ጮክ ብለው አይደለም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እኔ ነኝ እኮ ያስተማርኳቸው አሉ፤ እነዚህን ባላስተምርም አባቶቻቸውን አስተምሬያለሁ። እኔን አዩኝ፣ ልጆቹን አዩ። ኮታቸውን አወለቁና አጣጥፈው የመንገዱ አጥር ላይ አደረጉት።

“እኔን ማንም አንስቶኝ አያውቅም” አሉ። “ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ነበርኩ፣ መቆሙን አላውቅበትም። አንሺ።”

ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሳይገባኝ እየተራመዱ ራቁ። ሩቅ ሄደው አዲስ ከተተከሉት ዘንባባዎች አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙና ግራ ቀኝ አዩ፣ እግራቸውን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። የፎቶ ቤታቸው በር እዚያ ጋ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ሲነግሩኝ ነው። ከዚያ ሮጡ።

ጋሼ ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ኪሳቸው ውስጥ ቁልፍ ይንሿሿል፣ ከረባታቸው ይወዛወዛል፣ ጉልበታቸው ከፍ ከፍ ይላል። ብስክሌት የያዙት ልጆች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔም ልቀር ነበር፣ ደግነቱ ጣቴ አልረሳም፤ ተጫንኩ፣ ተጫንኩ፣ አጠገቤ ደርሰው አለፉኝ። ቁና ቁና እየተነፈሱ ተመለሱና ስክሪኑን አብረን አየን። አራት ፎቶ። ከኋላ ያለው ሕንፃ በጣም ያምራል፣ መስኮቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከፊቱ ከረባት ያሰረ ጉም አለ።

ጋሼ ካሜራውን ራቅ አድርገው አዩት፣ ቀረብ አድርገው አዩት። ሌንሱን በራሳቸው እጅ ፈትተው ወፍራሙ ላይ ገጠሙልኝና ተመልሰው ወደ ዘንባባው መሄድ ጀመሩ። ያን ጊዜ ከላይ መስኮት ተከፈተና አባዬና ሻጩ ጎን ለጎን ብቅ አሉ።

“ጋሼ፣ ይተዉት፣ ይደክምዎታል!” አለ አባዬ።

“አንተ መያዣ ነህ” አሉት ጋሼ ዞር ብለው። “ዝም በል።”

እንደገና ሮጡ። በዚህኛው ጊዜ ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩት፣ ካሜራው ጣቴ ሥር ተተተተተ እያለ ሄደ። ድምፁ ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ሲደርሱ ፎቶዎቹን ለማየት ፈራሁ፣ ስለዚህ ካሜራውን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ እያገላበጡ አዩ። ብዙ ነው፣ ሁሉም ላይ ጋሼ አሉ፣ በሁሉም ላይ ጥርት ብለዋል። ግንባራቸው ላይ ያለው ላብ፣ ትከሻቸው ላይ የተገለበጠው ከረባት፣ የተፈታው የጫማ ክር። አንዱ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

“ሁለቱም እግሬ አየር ላይ ነው” አሉ።

አዎ ነበር። መሬቱ ከሥራቸው፣ እሳቸው ከላዩ። ሰው ሲሮጥ እንደዚያ እንደሚሆን ያወቁ አይመስለኝም። እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት።

ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን። አባዬ በርጩማው ላይ ተመልሶ፣ ታማኝ መያዣ ሆኖ ተቀምጧል። ሦስታችንም የጋሼን አፍ ጠበቅን፣ እኔ በተለይ። ቆንጆውን ካሜራ በሁለት እጃቸው ለሻጩ መለሱለት። ይሄ ጥሩ ካሜራ ነው፣ ለቆመ ሰው አሉት። ወፍራሙን ደግሞ እኔ እጅ ላይ አደረጉት። “ለልጅቷ ይሄኛው ነው” አሉ፣ ልክ መጀመሪያውንም ያንን ያሉ ይመስል። አባዬ ይዞት የሄደው ሰው ይሄ ይሁን አለ፣ አለቀ። እኔ ካሜራውን ደረቴ ላይ አስደግፌ ደብተሬን እንደገና ከፈትኩ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነው። ከደብተሬ ላይ የቀሩትን ጥያቄዎች እያነበብኩ ቁልፎቹን ሁሉ ሞከርኩ፣ ውስጡ አቧራ እንዳለ ለማየት ነጩን ግድግዳ አነሳሁ፣ ካርዱን አስገብቼ አወጣሁ። ጋሼ ለሻጩ ይቺ ልጅ ምን ያህል ታውቃለች መሰለህ አሉት። ሻጩ የሦስት ወር ዋስትና ጽፎ ማኅተም መታበት። አባዬ ጎማውን አንድ ጊዜ ደግሞ አሸት አደረገና ሙጫው ይይዝ ይሆን ብሎ ጠየቀ።

ቅዳሜ አየር ላይ ያሉበትን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ባለቤታቸው አይተው እንዲህ ዓይነት ሽማግሌ ነው ለካ ያገባሁት አሉ። ጋሼ ፎቶውን በባለሙያ ዓይን አዩትና አገጬን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ አሉ።

እሑድ ጠዋት ሜዳው ሞልቶ ነበር። የሰርግ ፎቶግራፈሩ መጥቷል። ጥሩ ሰው ነው፣ ትልቅ ቦርሳ ይዞ ኮች አጠገብ ቆሞ ሰላም አለኝ። እሱን ላለማየት እየሞከርኩ ሰደርያዬን በጥድፊያ ለበስኩ። ከካዛንቺሱ መንገድ አንድ ነገር ተምሬ ነበር፤ ልጆቹ ገና ሰውነት ሲያሟሙቁ ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ አላወረድኩትም። መጀመሪያ ቆሙ፣ ሁለት ጣት አወጡ፣ የግራ ክንፏ ልጅ ጸጉሯን አስተካከለች። እኔ ዝም። ሃያ ደቂቃ ሲሆን ሰለቻቸውና ረሱኝ። ጨዋታው ሲጀመር ለእነሱ ከማዕዘን ባንዲራው የተለየሁ አልነበርኩም።

ከእህቴ ጎል ጎን ቆምኩ። ከእረፍት በፊት የሌላኛው ቡድን አጥቂ፣ ከእህቴ አንድ ራስ የምትረዝም ልጅ፣ ብቻዋን መጣች። ተጭኜ ያዝኩት። ተተተተተ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ምን እንደሆነ አላየሁም፤ የማውቀው ፊሽካ ሲነፋ አሁንም ጣቴ ቁልፉ ላይ እንደነበር ብቻ ነው።

ኮች መጣችና እጇን ዘረጋች። ካሜራውን ሰጠኋት። የሰርግ ፎቶግራፈሩ በትከሻዋ በኩል አዘነበለ። አንድ በአንድ ታያለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ታያለች። እኔ አገጬን ዝቅ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ሳልንቀሳቀስ ቆሜአለሁ። አንዱ ላይ ስትደርስ አጎላችው። እህቴ ሜዳው ላይ አግድም ተንሳፍፋለች፣ እንደተዘረጋች፣ ኳሱ የጣቷ ጫፍ ላይ ነው። አፏ ተከፍቷል። ዓይኖቿም ሁለቱም ተከፍተዋል።

የሰርግ ፎቶግራፈሩ ቦዲው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀኝና የቦርሳውን ዚፕ ዘጋ። ኮች ካሜራውን አንገቴ ላይ መለሰችልኝ።

“ሰደርያሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው” አለች። “አስተካክለሽ ልበሺውና ወደዚያኛው ጎል ሂጂ፣ ልንጀምር ነው።”

ያን ያህል ነው ያለችው። ሰደርያውን አውልቄ አስተካከልኩት። መልሼ ራሴ ልለብሰው ስለሆነ ያወለቅኩት በሕይወቴ እንደዚያ ቀሎኝ አያውቅም። በሁለተኛው አጋማሽ ውሃውን ማን እንደያዘልን ብትጠይቁኝ የሰርግ ፎቶግራፈሩ ነው። እስከ መጨረሻው ቆየ፣ ጠርሙሶቹን አንድም አልደፋም።

ጨዋታውን በአንድ ጎል ተሸነፍን። እህቴ ታክሲ ውስጥ እስከ ቤታችን ድረስ አለቀሰች። ቤት ገብታ ፊቷን ታጥባ መጣችና ስክሪኑን ቀማችኝ። አየችው፣ በሁለት ጣቷ ልታጎላው ሞከረች፣ ካሜራው እንደ ስልክ እንዳልሆነ ነገርኳት፣ በቁልፍ አጎላንላት። ጎመን አይደለሁም ማለት ነው አለች፣ ከዚያ ካሜራውን አቅፋ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

ማታ ኮች ፎቶዎቹን ግሩፑ ላይ ለጠፈቻቸው። የጭብጨባው፣ የልቡ፣ የእሳቱ ምልክት ይወርድ ጀመር። እኔ አንድ ሰው ነው የጠበቅሁት። ያ ልጄ የትኛዋ ናት ያለው አባት ሁሉንም ፎቶዎች እያየ መሆኑን አውቄአለሁ፣ ምክንያቱም ሳይጽፍ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ አንድ ቃል ጻፈ።

“አገኘኋት።”